በጠባብ ሜዳ የሚያርፍ አይሮፕላን ነጂ አስቀድሞ ሊማረው ስለሚገባው ነገር

አይሮፕላን ከምድር ተነሥቶ ወደ ሰማይ ሲወጣ የሚያይ ሕዝብ ዐይኑን አቅንቶ ይደነቃል፤ ተመልሶ ሲያርፍ ግን ብዙው ሰው ፊቱን መልሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የሙያው ባለቤቶች አጥብቀው የሚጠነቀቁለት ግን ይኸው ተመልካች የማያደንቀው ሁለተኛው ሥራ ነው። ቀኑ ለመነሣት ያልተመቸ ቢሆን አይሮፕላኑ በምድር ላይ እንዳለ ሊቈይ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ግን በአንድ ስፍራ ሳያርፍ የሚቀርበት መንገድ የለም። ስለዚህ በማናቸውም አገር ቢሆን የነጂዎች አስተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው ማረፍን በማስተማር መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህም ማረፊያው ሰፊ በሆነበት ስፍራ ነው። በታላላቅ ከተሞች ያለው መንደርደሪያ 3 ሺ ሜትርና ከዚያም በላይ ርዝመት ስላለው፥ ነጂው ካሰበው ስፍራ 200 ወይም 300 ሜትር አልፎ ቢያርፍ መንገደኛው ሳያውቀው ነገሩ ያልፋል። ነገር ግን ቍጥሩ ቀላል ያልሆነ ሕዝብ እንዲህ ያለ ሜዳ ሊሠራ በማይቻልበት በተራራ ትከሻና በገደል አፋፍ፥ በደሴትና በጫካ መካከል ይኖራል። ለእነዚህ ሰዎች የሚገኝላቸው ሜዳ 500 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከዚያም የሚያንስ አለ። በካሪብ ባሕር ባለችው በሳባ ደሴት ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት መንደርደሪያ ርዝመቱ 400 ሜትር ብቻ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፥ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ባሕር በሚወርድ ገደል ያልቃሉ።

እንግዲህ በዚህ ዓይነቱ ስፍራ የሰው ነፍስ ጭኖ እንዲያርፍ ሊፈቀድለት የሚገባው ማን ነው? ምንስ የተማረ ሊሆን ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው «እጁ የቀና ደፋር ነጂ» ብሎ ለመመለስ ይቸኵላል። የእጁ መቅናት በእውነት አስፈላጊ ነው። ድፍረቱ ግን ብዙ አደጋ ያስከተለ ነገር ሆኖ ሳለ እንደ ሙያ ተቈጥሮ መመስገኑ ትልቅ ስሕተት ነው። በጠባብ ሜዳ የሚያርፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው አለማረፍን ነው። ይኸውም ነገሩ ያልተስተካከለ መሆኑን በጊዜው ዐውቆ፥ ሳያፍርና ሳይከራከር ወደ መጣበት መመለስን ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት በኔፓል አገር ያለውን የሉክላን ሜዳ ማንሣት ይበቃል። ሉክላ የሸርፓ ሕዝብ በሚኖርበት፥ ወደ ኤቨረስት ተራራ በሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ ያለች መንደር ናት። ኤድመንድ ሂለሪ በ1953 ዓ.ም. ከቴንዚንግ ኖርጌ ጋር የኤቨረስትን ጫፍ ከረገጠ በኋላ ለሸርፓዎች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ለማቆም ተነሣ። የሥራው ዕቃ ሁሉ በሰው ጀርባ ብዙ ቀን እየተጓዘ መምጣቱ ስላስቸገረው፥ በ1964 ዓ.ም. ከመንደሩ ሰዎች መሬት ገዝቶ ሜዳውን አሠራ። የአፈሩ መላላት አላስደስት ቢለው ለሠራተኞቹ የአገሩን መጠጥ ገዝቶ በእግራቸው እየረገጡ እንዲጨፍሩበት አደረገ፤ ሜዳውም በጭፈራ ተጠቀጠቀ ተብሎ ይነገራል። ደቦ ጠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ አይደነቅም። ሜዳው አስፋልት የለበሰው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም በሁለቱ ተራራ ወጭዎች ስም ይጠራል።

ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺ 845 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ፥ ርዝመቱ 527 ሜትር፥ ስፋቱ 30 ሜትር ነው። ደልዳላም አይደለም፤ በየ100 ሜትሩ ወደ 12 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚወጣ፥ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ጫፍ 60 ሜትር ያህል ይበልጣል። ከታችኛው ጫፍ በመለስ ጥልቅ ሸለቆ ነው፤ ከላይኛው ጫፍ በላይ ተራራ ቆሞአል። ስለዚህ የሚመጣ ሁሉ ከሸለቆው በኩል ሽቅብ ያርፋል፤ የሚሄድ ሁሉ ቍልቍል ተንደርድሮ ወደ ሸለቆው ይወጣል። ነፋሱ ከየትም ቢነፍስ ሁለተኛ መንገድ የለም። ዳገቱ የሚያርፈውን አይሮፕላን ስለሚያዘገየውና የሚነሣውን ስለሚያፈጥነው ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ያለ እርሱ ሜዳው ባልሠራም ነበር።

ዳገቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፤ የነጂውን ዐይን ያታልላል። ሰው በልምዱ የሚያውቀው ደልዳላ መንደርደሪያን ስለሆነ፥ ሽቅብ የወጣውን መንደርደሪያ ከፊቱ ባየ ጊዜ እርሱ ራሱ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። የሜዳውም መጥበብ ይህንኑ ስሕተት ይጨምርበታል፤ ጠባብ መንደርደሪያ ለዐይን ከሩቅ ያለ ይመስላልና። ሁለቱ ተባብረው ነጂውን «ዝቅ በል፥ ዝቅ በል» ይሉታል። እርሱም ታዝዞ ዝቅ ባለ ጊዜ የሚጠብቀው የገደሉ ፊት ነው። በዚህም ላይ ነፋስ በአፋፉ ላይ ወደ ሸለቆው የሚወርድ እንደ ሆነ፥ አይሮፕላኑን በመጨረሻው ሰዓት ይዞት ይወርዳል። እንግዲህ ተማሪው በዚያ ስፍራ የገዛ ዐይኑን መጠራጠር መማር አለበት። ይህ ደግሞ በመጽሐፍ ተነቦ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ስፍራውን የሚያውቅ አስተማሪ በአጠገቡ ተቀምጦ ዐይኑ ሲሳሳት ደጋግሞ ሊያሳየው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የከፍታ ነገር ነው። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ፥ ክንፉ አይሮፕላኑን ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን ያስፈልገዋል። በሉክላ ከፍታ ላይ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ፥ አይሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በፍሬን የሚገታው ጕልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ አብልጦ ስለሆነ፥ በባሕር ዳር ከሚያርፈው አይሮፕላን ይልቅ በሢሶ ያህል የሚበልጥ ጕልበት በዚያች አጭር መሬት ላይ መገታት አለበት። ሞተሩም በሳሳው አየር ይደክማል፤ ነጂው ከባሕር ዳር ሆኖ የሚያውቀውን ጕልበት በተራራ ላይ ሲፈልገው አያገኘውም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰዎች እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2 ሺ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ካደረገ በኋላ፥ በቀደሙት ዓመቶች ነጂዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሥራውን ከእነርሱ ተቀብለው፥ በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ከሆኑት ከዓለማየሁ አበበ ጀምሮ ማረፍን በደጋ አየር ላይ ተምረው ያደጉ ነጂዎች ለአገሪቱ ተገኝተውላታል። በደጋ የሚኖር ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ትንፋሹ እንደሚረዝም ሁሉ፥ በደጋ የተማረ ነጂም ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ ሥራው ይቀልለታል። በቆላ ተምሮ ወደ ደጋ የሚወጣው ግን ቢያንስ እኩሌታውን ትምህርት እንደ አዲስ መጀመር ይገባዋል።

የእጅ ሥራው ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ መናገር አስቸጋሪ አይደለም። መልካም አስተማሪ ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን ወደ ገደል አፋፍ አይወስደውም። በረጅሙና በደልዳላው ሜዳ ላይ ሁለት ምልክት አቁሞ፥ በመካከላቸው ያለውን 500 ሜትር ብቻ ሜዳ ነው፥ የቀረው ሁሉ ገደል ነው ብሎ ይነግረዋል። ተማሪው ከመጀመሪያው ምልክት በፊት መሬት ቢነካ ሞቶአል፤ ሁለተኛውን ምልክት አልፎ ቢቆምም ሞቶአል። እንዲህ እየሞተና እየተነሣ አሳቡ ሁሉ በአንዲት የመንኪያ ነጥብ ላይ መሰብሰብን ይማራል። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። ክንፉ መሸከም ከሚያቆምበት ፍጥነት በላይ 30 በመቶ ያህል ጨምሮ መምጣት የተለመደ ደንብ ነው። ተማሪው ፈርቶ በዚያ ላይ አሥር በመቶ ቢጨምርበት፥ የሚያስፈልገው መሬት ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚበልጥ ይረዝምበታል። ብዙ ተማሪ ፍጥነት መጨመር ጥንቃቄ ይመስለዋል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ የሚቀጣው ስለሌለም ይህን ልማድ ይዞ ያድጋል። በጠባቡ ሜዳ ላይ ግን ይኸው ጥንቃቄ የመሰለው ነገር ከሜዳው ጫፍ ያወጣዋል።

ከዚህ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚከብደው። በተለመደው ሜዳ ላይ የማረፉ ነገር ያላማረው ነጂ ለሞተሩ ጕልበት ሰጥቶ ሜዳውን ከላይ ያልፍና ዞሮ እንደገና ይሞክራል፤ ጐማው መሬት ሊነካ ሲል እንኳ ይህን ማድረግ ይቻለዋል። በሉክላ ግን ከሜዳው ባሻገር የቆመው ተራራ ይህን ይከለክለዋል። አይሮፕላኑ በሸለቆው ውስጥ ወደ ሜዳው እየቀረበ ሳለ አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱን ካለፈ በኋላ ዞሮ መውጣት የለም፤ ደግም ይሁን ክፉ ማረፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጂው ፍርዱን የሚሰጠው ጐማው ከመሬት በደረሰ ጊዜ ሳይሆን፥ ሜዳው ገና በሩቅ ሳለ፥ ሁሉ ነገር መልካም በሚመስልበት ሰዓት ነው። ፍጥነቱ ልክ ነውን? ከፍታውስ? ነፋሱ እንደ ተነገረው ነውን? በአፋፉ ላይ የሚሳብ ደመና የለምን? ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢያጠራጥረው፥ ያች ስፍራ ሳታልፍ መመለስ አለበት። ይህን ማድረግ ለእጅ ቀላል ነው፤ ለልብ ግን ከባድ ነው። ከኋላው መንገደኞች ተቀምጠዋል፤ ከፊቱ ሜዳው ይታያል፤ የቀደመው አይሮፕላን ከጥቂት ደቂቃ በፊት በደኅና አርፎአል። የማረፍ ምክንያቱ ሁሉ በዐይኑ ፊት ሲታይ፥ የመመለስ ምክንያቱ ግን አንዲት ጥርጣሬ ብቻ ናት።

ኦክቶበር 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ከካትማንዱ የተነሣ ትዊን ኦተር አይሮፕላን 19 ሰዎች ይዞ ወደ ሉክላ ሲቀርብ ሜዳው በደመናና በጉም ተሸፍኖ ነበር። በዚያ ሜዳ ማረፍ የሚፈቀደው በዐይን እየታየ ብቻ ነው። አይሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ጫፍ በታች መሬቱን መታና ተቃጠለ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈው ዋናው ነጂ ብቻ ነበር። በዚህ ነጂ ላይ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ፈርዶበታል። ይልቁንም ሊጠየቅ የሚገባው፥ ለነጂዎች መመለስን እንደ ሥራ ቈጥሮ ያስተማራቸውና የመዘነላቸው ማን ነው የሚለው ነው። ማረፍን ብቻ እየቈጠረ የሚያመሰግን ትምህርት ቤት፥ አስቦትም ሆነ ሳያስበው፥ ተማሪዎቹን ያችን ስፍራ እንዲያልፉ ያስተምራቸዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት በሰማዩ የጠራ ቀን ስሕተቱ አይታወቅበትም።

ሕግ አውጪዎች ይህን ፈጽመው አልዘነጉትም። ወደ ሉክላ የሚበር ነጂ አስቀድሞ በአጭር መንደርደሪያ ላይ ቢያንስ 100 ጉዞ ያደረገ፥ በኔፓል ውስጥ በዚህ ሥራ አንድ ዓመት የቈየ፥ ከዚያም ወደ ሉክላ ራስዋ ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር 10 ጊዜ የበረረ መሆን ይገባዋል። ይህ መልካም ደንብ ነው። በፈረንሳይ የአልፕስ ተራራዎችም ኩርሽቬል በሚባለው ስፍራ፥ 2 ሺ 8 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው መንደርደሪያ ርዝመቱ 537 ሜትር ሲሆን፥ ዳገቱ ከሉክላው እንኳ ይብሳል። በዚያ የሚያርፍ ሰው ከተለመደው የነጂነት ፈቃድ በላይ በተራራ አስተማሪ የተፈቀደለት መሆን አለበት። በአውሮፓ ደንብ የተራራ ፈቃድ ያለው ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ በተራራ ላይ ቢያንስ 6 ጊዜ ያላረፈ እንደ ሆነ እንደገና ይፈተናል። በጐማ ለማረፍ የተፈቀደለትም በበረዶ ላይ በሸርተቴ ያርፍ ዘንድ አይፈቀድለትም፤ እርሱ ሌላ ትምህርት ነውና።

ይህን የበረዶ ማረፍ ከጀመሩት አንዱ ስዊሳዊው ሄርማን ጋይገር ነው። በ1952 ዓ.ም. በበረዶ ግግር ላይ በሸርተቴ አርፎ፥ ከዚያ ወዲህ በተራራ ላይ የተጐዱ ብዙ ሰዎችን ያወረደ ሰው ነበር። በ1966 ዓ.ም. የሞተው ግን በተራራ ላይ ሳይሆን፥ በሲዮን ከተማ ሸለቆ ውስጥ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ከሌላ በራሪ ጋር ተጋጭቶ ነው።

እነዚህ ደንቦች የሚቈጥሩት ማረፍን ነው። መቶ ጉዞ፥ አሥር ጉዞ፥ ስድስት ማረፍ ይላሉ። ከአሥሩ ጉዞ ውስጥ ነጂው ስንት ጊዜ ሊመለስ ይገባው እንደ ነበረና ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ ግን ቍጥሩ አይናገርም። አሥሩም ቀኖች የጠሩ ቢሆኑ ተማሪው የሉክላን መልካም ገጽ ብቻ አይቶ ይመረቃል፤ ክፉውን ገጽ የሚያየው ብቻውን፥ መንገደኛ ጭኖ በሄደ ጊዜ ነው። ዛሬ የአይሮፕላንን ሁኔታ አስመስለው የሚያሳዩ የመለማመጃ ክፍሎች ስላሉ፥ ደመናውንና ነፋሱን በዚያ ማሳየት ይቻላል፤ ይህም ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን በመለማመጃው ክፍል ውስጥ የሚመለስ ሰው የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያስቸግረው መመለስ መንገደኛው ሲያጕረመርምና ነዳጁ በከንቱ ሲቃጠል ያለው መመለስ ነው።

ደንቡ ሲጠብቅ የሚጐዱት በተራራው ላይ ያሉ ድኾች ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አነጋገር ቸል ሊባል አይገባውም። በእንደዚህ ያለ ሜዳ የሚመጣው ተራራ ሊያይ የሄደ ሀብታም ብቻ አይደለም፤ መድኀኒት ይመጣል፥ በምጥ የተያዘች ሴት ትወሰዳለች፥ የመምህሩ መጽሐፍና የሱቁ ጨው ይወርዳል። አይሮፕላን በተመለሰ ቍጥር ይህ ሁሉ ይዘገያል። ነገር ግን ዛሬ የተመለሰው አይሮፕላን ነገ ማለዳ ይመጣል፤ በገደሉ ፊት የቀረው አይመጣም። በሉክላ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ በጥዋት መሆኑም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነፋሱ ስለሚበረታ ነጂዎቹ ከእርሱ ጋር መታገልን ትተው ሰዓቱን መርጠዋል። መንደሩም ይህን ዐውቆ ኑሮውን በዚያው አስተካክሎአል። የመመለሱ ኪሣራ በነጂው ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ግን የማንም ትምህርት አይረዳውም። ስለ ተመለሰ ደመወዙ የሚጐድልበት ወይም በአለቃው ፊት ቆሞ ምክንያት የሚጠየቅ ነጂ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ያችን ስፍራ በሚደርስበት ሰዓት ስለ ደመናው ብቻ ሊያስብ አይችልም። የነዳጁን ዋጋ አስቀድሞ በጉዞው ሒሳብ ውስጥ ማግባት የባለ አይሮፕላኑ ፈንታ ነው።

ነጂዎች ሁሉ የበረሩበትን ሰዓትና ያረፉበትን ሜዳ የሚጽፉበት መዝገብ አላቸው። በጠባብ ሜዳ ትምህርት ላይ ላለ ተማሪ በዚህ መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመርለት ወጪው የቀለም ብቻ ነው። በዚህ ዓምድ ላይ ተማሪው ወደ ሜዳው ቀርቦ ሳያርፍ የተመለሰበት ቀን፥ ከየት ስፍራ እንደ ተመለሰና ያየው ምልክት ምን እንደ ነበረ ይጻፍ፤ አስተማሪውም አይቶ ይፈርምበት። ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ ቢኖር፥ መርማሪው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ከአስተማሪው ጋር አንድ ጊዜ እንደገና እንዲበር ይስደደው፤ ያም ቀን ሰማዩ ያልጠራ ቀን ይሁን።